ዱአው ከመደረጉ በፊት

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ተፈራ የቢሮ ቁልፍ፣ አንድ ሰማያዊ ማርከርና ፊደሉ የደበዘዘ የፎቶ ኮፒ ሞጁል ሰጡኝ። "የፋይናንስ አስተዳደር መግቢያ ነው። የሚያስተምረው ልጅ ለትምህርት ስለሄደ አንቺ ትይዥዋለሽ" አሉኝ። መቼ እንደምጀምር ስጠይቃቸው ሰዓታቸውን አዩና "አሁን" አሉ።

ረዳት ምሩቅ ነበርኩ፤ በመምህርነት መሰላል ላይ የመጨረሻው ዝቅተኛ እርከን ማለት ነው። የመጣሁት ከሐዋሳ ሲሆን ወልድያን ገና በቅጡ አላወቅኋትም። ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡኝ መሰለኝ፤ አንዳንዶቹ እውነትም ይበልጡኝ ነበር። "ዛሬ እጃችን ላይ ያለ ገንዘብ ነገ ከሚመጣው ይበልጣል" ብዬ ቦርዱ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ነገ ለመምጣቱስ ምን ዋስትና አለ?" ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ልቆጣ አሰብኩና ተውኩት፤ ልጁ ሳያውቀው ስለ ስጋት የሚያወራውን የሚቀጥለውን ምዕራፍ ነበር የጠየቀኝ።

ይህን የምጽፈው ኮርሱን ከእኔ ለምትረከቡ ወጣት መምህራን ነው። ሞጁሉ ውስጥ ያለውን አልደግምላችሁም፤ አንብቡት። የምነግራችሁ በአንድ ምዕራፍ ምክንያት ከወልድያ ወጣ ብሎ ግራና የሚባል የገጠር አካባቢ ድረስ ሄጄ ክፉኛ የፈራሁበትን ቀን ነው።

ኮርሱ ከውጭ ሲታይ ቀላል ነው። ድርጅት ገንዘብ ከየት ያመጣል፣ ምን ላይ ያውለዋል፣ ትርፉን እንዴት ያካፍላል፤ ሌላ ነገር የለውም። መሐሉ ላይ ግን የካፒታል ወጪ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ነው። ድርጅት የሚሠራበት ገንዘብ በነጻ እንደማይገኝ የሚያስተምር ምዕራፍ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚገባ ገቢ ዛሬ ስንት ሊያወጣ እንደሚችል ለማወቅ በዚህ ወጪ መጠን እየቀነስን ወደ ዛሬ እናመጣዋለን። ለዚህ የሚረዳ የአሁን ዋጋ ሠንጠረዥ አለ። የእኛ ሠንጠረዥ ከኮፒ ላይ ኮፒ እየተደረገ ሦስትና ስምንት የማይለዩበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ፈተና ላይ "ቲቸር፣ ይቺ ሦስት ናት ስምንት?" ሲሉኝ እኔም መስኮት ዳር ወስጄ አያት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ስንመለስ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ አልነበሩም። በእጅና በካልኩሌተር ማስላት ጀመርን፤ አንዱ ካልኩሌተር ረድፉን ሙሉ ይዞራል። አቶ ተፈራ "እኛም ድሮ እንዲሁ ነው የተማርነው" እያሉ ሊያጽናኑን ይሞክራሉ። ማንም አልተጽናናም።

ሰይድ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው፤ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆኖ። መርሳ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። አባቱ ሐጂ ይማም ግራና ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ሰይድ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ይመጣል፣ ከፊት ይቀመጣል፣ ያልገባውን ነገር አያሳልፍም። እንዲህ ያለ ተማሪ መምህሩን ያደክማል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥቴ አጭር ነው።

ለክፍሉ አሳይመንት ሰጠሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በአካባቢው ሊሠራ የሚችል ፕሮጀክት መርጦ አዋጭነቱን በተማርነው መንገድ ያስላ አልኩ። አብዛኛው የዶሮ እርባታ ይዞ መጣ። የሚሞቱት ዶሮዎች ብዛት ሳይቀር አንድ ዓይነት ስለነበር እንደተኮራረጁ ለማወቅ አልተቸገርኩም።

ሰይድ ግን መርሳ ላይ የሚሠራ የሽንኩርት ማቀዝቀዣ መጋዘን አቀረበ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሽንኩርት የሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ደላላው አስፋልት ዳር ቆሞ ዋጋ ይሰብራል፤ ገበሬው ከሚበሰብስብኝ ብሎ ባገኘው ይሸጣል። መጋዘን ካለ ዋጋው እስኪያንሰራራ መጠበቅ ይቻላል። ሰይድ የግንባታውን፣ የማቀዝቀዣውን፣ የመብራቱን፣ የዘበኛውን ወጪ ሁሉ በእግሩ ዞሮ ጠይቆ ነበር። እያነበብኩ ደስ አለኝ።

የካፒታል ወጪው ላይ ስደርስ ቆምኩ። "ዜሮ" ይላል። ከሥሩ ምክንያቱን ጽፏል፦ "ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ስለሆነና ከባንክ ስለማይበደር ወለድ አይከፍልም።" በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩት፤ "ዜሮ ሊሆን አይችልም" ብዬ ነጥብ ቀነስኩ።

ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ወረቀቱን ይዞ ቢሮ መጣ።

"ቲቸር፣ የቀነሱብኝ በወለዱ ምክንያት ነው?"

"ወለድ አላልኩም። የካፒታል ወጪ ነው ያልኩት።"

"እኛ ዘንድ ወለድ ሐራም ነው። አንበላም፣ አናበላም። ታዲያ በምን ልቀንሰው?"

"ባለአክሲዮኖቹ ከገንዘባቸው የሚጠብቁት ጥቅም አለ። በእሱ ነዋ።"

"ጥቅሙን እኮ አሳይቻለሁ! ድምሩን ይዩት፤ ያወጣነው ሁሉ ተመልሶ ይተርፋል።"

"መቼ ነው የሚመለሰው?"

"ይመለሳል፤ ኢንሻአላህ።"

ተናደድኩ። ሞጁሉን ከፍቼ ቀመሩን አሳየሁት፤ ከመጻሕፍት የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። አንዱም ጠብ አላለለትም። በመጨረሻ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና "ነጥቡ ይቅር ቲቸር። እሱ ለነጥብ ብቻ የተሠራ አይደለም። ጁምዓ ሰዎቹ ሊሰበሰቡ ነው" አለ።

"የምን ሰዎች?"

ያኔ ነገረኝ። አባቱና ጎረቤቶቻቸው መጋዘኑን በእውነት ሊሠሩት ተነስተዋል። ጥሬ ገንዘብ የላቸውም፤ ያላቸው መስኖ ዳር ያለው መሬታቸው ነው። አንድ የመርሳ ነጋዴ መሬቱን ለረጅም ዓመታት ተከራይቶ ኪራዩን ጠቅልሎ ቀድሞ ሊከፍላቸው ተስማምቷል። በዚያ ገንዘብ አክሲዮን ይገዛሉ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሐጂ ይማም ግቢ ተሰብስበው ዱአ ያደርጋሉ። ዱአ ከተደረገ ደግሞ አለቀ። በሼህ ፊት እጁን ዘርግቶ "አሚን" ያለበትን ነገር የሚያፈርስ ሰው በየትኛው ፊቱ ገበያ ይወጣል? ውሉ ከዚያ በኋላ የሚፈረመው ለመንግሥት ያህል ነው።

"አባቴም እርስዎን ጠርቷል" አለኝ። "ያስተማረችህ ትምጣና ልክ ነው ትበልልን ብሏል። ቢመጡ ደስ ይለናል ቲቸር። ዜሮዋን ግን እዚያ አያንሷት።"

ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ እሱ ከወጣ በኋላ ነው። በስሌቱ ላይ የመጋዘኑ ገቢ የሚጀምረው ከሦስተኛው ዓመት ነበር። መሬቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በነጋዴው እጅ ይሆናል። ያ ሁሉ ቤተሰብ እስከዚያ ምን ይዞ እንደሚቆይ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ዜሮ ተብሎ ታልፏል።

አቶ ተፈራን አማከርኳቸው። "ሰናይት፣ ያንቺ ሥልጣን ከቀይ እስክሪብቶሽ አያልፍም" አሉኝ። "ሰው መሬቱን አከራየ አላከራየ ምን አገባን? ደግሞ ዲናችንን ነካች ብለው ቢቀየሙሽስ? እዚህ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶ ተዋልዶ ነው የሚኖር። አንቺ ግን እንግዳ ነሽ።" ልክ ነበሩ፤ የበለጠ ያናደደኝም ልክ መሆናቸው ነው።

ጁምዓ ጠዋት አልሄድም ብዬ ወሰንኩና ፈተና ለማረም ተቀመጥኩ። አንዱን ወረቀት ደጋግሜ እየደመርኩ የተለያየ ውጤት ሳገኝ ጊዜ ቦርሳዬን አንስቼ መናኸሪያ ወረድኩ።

ሚኒባሱ አልሞላም። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል፤ አንድ ሰው ሲገባ ደግሞ ሌላ አንድ ሰው ይፈልጋል። ስንነሳ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ መታወቂያዬን አገላብጦ "መምህር ነሽ? በሥራ ቀን ወዴት ነው?" አለኝ። "አንድ ተማሪዬ ቤት" አልኩት። መርሳ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ወዴት እንደምሄድ ሲሰማ "ሐጂ ይማም ቤት? ኧረ ሰዎቹ ከሶላት ወጥተው ገብተዋል፤ ዱአው ሳይደረግ አይቀርም" አለኝ። "ፍጠንልኝ" አልኩት።

አልተደረገም ነበር። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ሰዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው ጫት አለ። ሼሁ ከላይ በኩል ትራስ ተደግፈው ሙስበሃ፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። ነጋዴው ከዳር ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው። እኔን የት እንደሚያስቀምጡኝ ግራ ገባቸውና በስተመጨረሻ የቤቱ በር ላይ፣ ከወንዶቹም ከሴቶቹም ሳልሆን፣ ወንበር ተደረገልኝ። የማያሰክር የገብስ መጠጥ፣ ቀሪቦ፣ ቀረበልኝ። ሳልጠጣ መሬት አስቀመጥኩት።

ሐጂ ይማም ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሰው ናቸው። "መርሐባ ልጄ! አማን ነሽ? መንገዱስ እንዴት አደረገሽ?" ብለው ተቀበሉኝና ወደ ሰዎቹ ዞረው "የሰይድ መምህርት ይች ናት፤ ከወልድያ ድረስ መጣችልን" አሉ። ከዚያ ሰይድን እንዲያነብ አዘዙት።

ሰይድ ቆሞ አነበበ። ወደ እኔ አንዴም አልተመለከተም። ወጪውን ዘረዘረ፣ የየዓመቱን ገቢ ደማመረ፤ የመጨረሻውን ትርፍ ሲናገር ከየአቅጣጫው "ማሻአላህ" ተባለ።

"እንግዲህ መምህርት፣ ልክ ነው በይንና ዱአችንን እናድርግ" አሉኝ ሐጂ ይማም። ሼሁ ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አንዳንዱ ሰው እጁን መዘርጋት ጀምሮ ነበር።

ተነሳሁ። "ድምሩ ልክ ነው" አልኩ። ሰይድ እፎይ ሲል አየሁት። "ግን የካፒታል ወጪው አልገባበትም።"

"ምኑ?"

"ገንዘቡ ራሱ የሚያስከፍለው…" አልኩና አፌን ያዝኩ። ዘግይቻለሁ።

"ወለድ ነው የምትለው" አለ ነጋዴው ከዳር። "ሐጂ፣ ወለድ አስቡ እያለች እኮ ነው!"

"አስተግፊሩላህ!" የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። ሐጂ ይማም ፊታቸው ጠቆረ። "ልጄ፣ እንግዳ ነሽና አከበርንሽ። ዲናችንን ግን አትንኪብን" አሉኝ።

ፈራሁ። የአቶ ተፈራ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ከዓመት ዓመት ያስተማርኩበት ቃል ሁሉ ባንክ ባንክ ሸተተኝ፤ አንዱንም ደፍሬ ማንሳት አቃተኝ። ይቅርታ ጠይቄ መውጣት ነበር ያማረኝ።

ሼሁ እጃቸውን አነሱ። "ተዋት ትጨርስ። ልጄ፣ ወለድ ነው የምትይን?"

"አይደለም፣ አባቴ።"

"እንዲያ ከሆነ ወለድ በሌለበት አነጋገር ንገሪን።"

ወደ ሐጂ ይማም ዞርኩ። "ሐጂ፣ መሬቱ በእጅዎ ቢቆይ ዘንድሮ ምን ያገኙበታል?"

ቅር ቢላቸውም ስለ መሬታቸው ተጠይቀው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። "ሽንኩርት አለ። ሽንኩርቱ ሲነሳ ቲማቲም፣ ክረምት ደግሞ ማሽላ። አልሐምዱሊላህ፣ ከቤት አልፎ ለሰው ይተርፋል።"

"ለከርሞስ?"

"ለከርሞም እንዲያው ነዋ፣ አላህ ካለ። መሬት የት ይሄዳል?"

"መጋዘኑስ በመጀመሪያው ዓመት ምን ይሰጥዎታል?"

ሐጂ ይማም ልጃቸውን አዩት። ሰይድ ወረቀቱን አየ፤ ማየት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፣ በቃሉ ያውቀዋል።

"ምንም" አለ። "ግንባታ ላይ ነው።"

"በሁለተኛውስ?" አሁን የጠየቁት አባቱ ናቸው።

"ማሽኑ የሚተከልበት ነው አባ። ከሦስተኛው ጀምሮ ይገባል፤ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ።"

"ሽንኩርቱስ? ማሽላውስ? በዚህ ሁሉ ዓመት የሚቀርብን ወረቀትህ ላይ የታለ?"

ሰይድ ጣቱን በወረቀቱ መስመሮች ላይ አወረደ። እኔ ልመልስለት እችል ነበር፤ መመለስ ያለበት ግን እሱ ነበር።

"የለም" አለ በመጨረሻ። "ወለድ ካልከፈልን ወጪ የለውም ብዬ ዜሮ አልኩት።"

"መሬቴን ዜሮ አልከው?"

ሐጂ ይማም ይህን ሲሉ አልጮኹም። ዳሱ ውስጥ ጫት የሚቀነጥብ እጅ ሁሉ ቆመ። ሰይድ አሳዘነኝ። ያን ሁሉ ወጪ ዞሮ የጠየቀው አባቱን ከደላላ ለማላቀቅ ነው፤ አሁን በጎረቤት ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ነጋዴው ነገሩ እንዳያመልጠው ሰጋ። "ሐጂ፣ ገንዘቡ ተዘጋጅቷል እኮ። ዱአውን እናድርግ፤ የቀረውን ልጁ ቀስ ብሎ ያስተካክለዋል" አለ። ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ።  ሐጂ ይማም ቃላቸውን በሰው ፊት ማጠፍ እንደማይሆንላቸው ሁሉም ያውቃል፤ ሰይድም ያውቃል። በዚያች ሰዓት ሰይድ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ዱአው ይደረግ ነበር።

አልተቀመጠም። ወረቀቱን ገለበጠና በጀርባው የአባቱን ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማሽላ ጻፈ። ከዚያ እያንዳንዱን ጎረቤት "የእርስዎስ? ምን ይሰጣል?" እያለ ጠየቀ። አንዱ ይመልሳል፣ አንዱ "ምን አገባህ" ይላል፣ ሌላው ለሱ ይመልስለታል። ሰይድ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል፣ ይደምራል፣ ከመጋዘኑ ገቢ ላይ ይቀንሳል። ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ማንም አላስቸኮለውም።

"መጋዘኑ አይመልስም" አለ ቀና ብሎ። "ትርፍ ነው ያልኳችሁ ሁሉ የመሬታችሁ ነው። ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም። አባ፣ ዱአውን አቁሙት።"

ሐጂ ይማም ተነሱ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ማንንም ሳያናግሩ ወደ እርሻው በኩል ወጡ።

ሼሁ "ከተሰበሰብን ዱአ አይቀርም" አሉ። "የመጋዘኑ ይቆይ። ለዝናቡና ለሰላሙ እናድርግ።" እጆች ተዘረጉ። እኔም በሩ ላይ ሆኜ እንደ እምነቴ አሜን አልኩ።

ሁሉም ከሐሳቡ አልተመለሰም። ከጎረቤቶቹ አንዳንዶቹ በኋላ ለነጋዴው ለየብቻ አከራይተዋል። "የሰውን ልጅ በአባቱ ፊት አዋረደችው" ብለው ያሙኝም ነበሩ። ከሐሜቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ሰይድ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም ቀረ። ስደውልለት አያነሳም። ከአባቱ ጋር እንደማይነጋገሩ፣ ግራና መሄድ ትቶ ሱቁ ውስጥ እንደሚያድር ከክፍል ጓደኞቹ ሰማሁ። ልጁን ከትምህርቱም ከአባቱም ያለያየሁት መሰለኝ።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል መጣ። አዲስ አሳይመንት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። የካፒታል ወጪውን ያሰላው ከመሬቱ ምርት ተነስቶ ነው፤ በዚያ መጠን የየዓመቱን ገቢ ወደ ዛሬ አምጥቶ መጨረሻው ላይ "ፕሮጀክቱ አዋጭ አይደለም" ብሎ ደምድሟል። ሠንጠረዡ ላይ አንዲት ሦስት ስምንት ተብላ ተነብባለች እንጂ ሌላው ሁሉ ልክ ነበር።

"አባትህስ?" አልኩት።

"አልታረቅንም" አለ። ወደ በሩ ካመራ በኋላ ቆም አለ። "ትናንት ግን እናቴን ልኮብኛል። 'የሽንኩርት ችግኝ ልናዛውር ነው፣ ሰው አንሶኛል በይው' ብሏት። ነገ ከክፍል እቀራለሁ ቲቸር።"

"ግድ የለም፣ ቅር" አልኩት።

የካፒታል ወጪን ስታስተምሩ ከባንክ አትጀምሩ። ገንዘቡ የመጣው ምን ተሰጥቶ እንደሆነ፣ የተሰጠው ነገር በባለቤቱ እጅ ቢቆይ በየዓመቱ ምን ያስገኝ እንደነበር ጠይቁ። ወለድ የማይከፈልበት ገንዘብም ወጪ አለው። ያን ወጪ የሚሸከመው ሰው ስሌቱ ውስጥ ካልገባ ስሌቱ አላለቀም።